ከዜሮ በታች፣ ቃሊቲ

ስምህን አላውቀውም፤ የፊቱ ገጽ የለም፣
ኦቾሎኒ ጠቅልሎ ሄዷል በዚህ ዓለም።
ሸምሱ መጽሐፍ አከራይ፣ ከመናኸሪያው ጋ፣
«በቀን አምስት ብር ነው» ብሎ ነግሮኝ ዋጋ፣
«እንዳይቀደድብኝ» አለ፤ ሳቅሁ በሆዴ፣
ሽፋን የሌለው ላይ ምን ይቀደዳል እንዴ?

ከመሐል ጀመርኩህ፤ መርከብህ ተሰብሮ፣
ባሕሩ ከዳር ዳር እንደ ቆዳ ተወጥሮ፣
ሰባት ውሻ ይዘህ፣ ግማሽ ጆንያ ዱቄት፣
ሁለት ወር የፈጀ፣ ንጋት የሌለው ሌት።

እኔም እንጀራዬ ብርድ ነው። ከአስፋልቱ ወዲያ፣
ከቆዳ ፋብሪካው ሽታ አለፍ ብሎ፣ ከከባድ መኪና ማደሪያ፣
የሥጋ ማቀዝቀዣ አለ፤ የብረት በር፣ ቢጫ መብራት፣
በሩ ላይ በቀይ ቀለም፦ ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት።
ውጭ አቧራው ሲነድ፣ የሚያዝያ ፀሐይ ሰው ሲያቀልጥ፣
እኔ ካፖርት ደርቤ ስገባ፣ ባጃጅ ነጂው ሁሉ ሲያላግጥ፦
«ንጋቱ ሩሲያ ሄደ!»

ማክሰኞ ለት ማታ ተረኛ እኔ ነበርኩ፤
ገጽ መቶ አርባ ላይ ጥጉን አጥፌ በጉያዬ ከተትኩ።
(ውሾችህ አንድ ቀርታለች፣ መሪዋ። ልትበላት ቢላ አንሥተህ
ዐይኗን አየህና... እዚያ ላይ ተውኩህ።)
የተሰቀለውን በግ ልቆጥር ገባሁ።
በሩ ከኋላዬ ድው አለ።
የውስጡ እጀታ ከጥቅምት ጀምሮ ተሰብሯል፤
አለቃችን «ይጠገናል» ብሏል።
ብሏል።

ስልኬ ውጭ ቻርጅ ላይ ነው።
ጉርሜሳ፣ ዘበኛው፣ ከግቢው ማዶ ሬዲዮ ይሰማል።
ጮህኩ። ድምፄ በጎቹ መሐል ገብቶ
በግ ሆኖ ተመለሰ።

ያኔ ነው የጠራሁህ። ስም ስለሌለህ «አንተ ሰው!» አልኩህ፤
ያስተማርከኝንም አንድ በአንድ መልሼ ነገርኩህ፦
አትቀመጥ። ላብህን አትመን። እግርህን እንደ ልጅ አጫውት።
እንቅልፍ በምታውቀው ድምፅ ቢጠራህ፣ አቤት አትበለው።

ካርቶን ደረቴ ላይ፣ ላስቲክ በጫማዬ፣
ከበሩ እስከ ግድግዳው ሃያ ሁለት እርምጃ፤
ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ቁጥሩ ጠፋኝ፣
እንደገና ከአንድ።
ከስንተኛው ዙር ላይ እንደሆነ እንጃ
መሪዋ ውሻ ከበጎቹ ሥር ወጥታ
ከጎኔ መራመድ ጀመረች።
«በላሽ እንዴ?» አልኳት።
ዝም። ጥፍሯ ብቻ ሲሚንቶው ላይ ቀጭ፣ ቀጭ።

ጣቶቼ የሌላ ሰው ሆኑ።
ጥርሴ መንገጫገጩን ተወ።
«ንጋቱ» አለች እናቴ፣ ከአሥር ዓመት በፊት የቀበርኳት፣
«ግባ በቃ፣ በረደህ።»
አቤት ልላት አፌን ስከፍት

መብራት ሄደ።

እንደ ልማዱ፣ ሳይናገር፣ የቃሊቲን ሁሉ ይዞ ሄደ።
ሞተሩ አቃስቶ ዝም አለ፤ ንፋሱ ወደቀ።
ስንቴ ረግሜዋለሁ! ስንቴ ወጥ አበላሽቶብኛል፣
ቴሌቪዥኔን አቃጥሏል! ዛሬ ግን እግዜር ይስጠው።
ጉርሜሳ ጄኔሬተር ሊያስነሣ መጥቶ
ናፍጣ አጥቶ ሲራገም ከግድግዳው ማዶ ሰማሁት፤
የደረቀ የበግ ጭን አንሥቼ በሩን ደበደብኩት።
«ሰው ነህ ሰይጣን?»
«ንጋቱ ነኝ!»
ከፍቶ ባትሪውን ፊቴ ላይ ቢያበራ፣ ጢሜ አመዳይ ለብሷል፤
«ያ ዋቅ!» አለ፣ «አንተ ልጅ በአንድ ሌሊት አርጅተሃል!»

የቆዳ ፋብሪካው ግማት ሞቅ ብሎ አቀፈኝ።
ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከግማቱ ነው አልኩት።

እጀታው? ይጠገናል ተብሏል።
እኔ ብሎኬት በሩ ሥር አደርጋለሁ።
አንተን ግን ከዚያ ወዲህ አልገለጥኩህም፤
ቢላህ እንደተነሣ ነው፣ ዐይኗም እንዳየህ።
በየቀኑ አምስት ብር ይዤ ስሄድ
ሸምሱ «ዘንድሮም አልጨረስከው?» ይለኛል፤
«ገና መንገድ ላይ ነን» እለዋለሁ፣
«ሦስታችንም።»